ቀን በሚለው ዓምድ ላይ

አለቃው የወንበሯን ጀርባ በጣቶቹ ኳ ኳ እያደረገ፣ «በይ እንጂ! ሰርቨሩ ሞልቶ ቢሮው ሁሉ እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል» አላት። የፕሮግራመሯም እግር ከጠረጴዛው ሥር አላርፍ ብሎ ነበር። የጻፈችው አጭር ፕሮግራም የሰርቨሩን የፋይል ዝርዝር በቃላት መሃል ክፍት ቦታ ባገኘ ቁጥር እየቆረጠ፣ ስም፣ መጠን፣ ቀን እያለ በየዓምዱ ይደረድራል፤ ከዚያ ያረጀውን ሁሉ ይሰርዛል። ደርድሮ ደርድሮ አንድ መስመር ላይ ሲደርስ ግን ቀጥ አለ።

«ኤጭ! ጋሼ፣ ማነው ይሄ በፋይል ስም መሃል ክፍት ቦታ የሚተው? ቃላቱን በሰረዝ አያይዙ ተብሎ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ የለም እንዴ? ይኸው ተምታታበት። ስም፣ ‹ደህና›። መጠን፣ ‹ሁኚ›። ቀን፣ ‹እማዬ›። እማዬ ደግሞ ምን የሚሉት ቀን ነው?»

ከወንበሯ ጀርባ የነበረው ኳኳታ ቆመ። ማስታወቂያውን ጽፎ የለጠፈው ራሱ አለቃው ነበር። ዞር ልትል ቃጣትና ተወችው፤ በስክሪኑ ጥቁር ጠርዝ ላይ መነጽሩን ሲያወልቅ ታያት።

«ሌላውን ሰርዢው» አላት። «እሱ የኔ ነው። የእናቴ የመጨረሻ ድምጿ ነው፣ በስልክ የቀዳሁት። ያኔም እንዲሁ እንደቸኮልኩ ነበር።»

እግሯ መወዛወዙን አቆመ። ጣቷን ከቁልፉ ላይ አነሳች።

«ይቀመጡ ጋሼ» አለች፣ ከጎኗ ያለውን ወንበር ወደ እሱ እየሳበች። «ቢሮው ትንሽ ይጠብቃ።»