የሚመች ብስክሌት

ባሕር ዳር ነርስ ሆና ከተቀጠረች ወዲህ ባጃጅ መጠበቅ ያንገሸገሻት አንዲት ወጣት፣ ለየዕለቱ መመላለሻ የሚሆናት ያገለገለ ብስክሌት ስትፈልግ ሰነበተች። የአንዱ ኮርቻ ይቆረቁራል፤ የሌላው መሪ ይርቅና ወገቧን ያሳምማታል። በመጨረሻ ሰዎች ብስክሌት ይሸጣሉ ወደተባሉ አንዲት አሮጊት ቤት ጠቆሟት።

አሮጊቷ ብስክሌቱን ከጓዳ አውጥተው በነጠላቸው ጫፍ ወለወሉት። ኮርቻው ሰፊ ነው፤ ስትቀመጥበት እግሯ መሬት ይነካል፣ ጀርባዋም ሳይጎብጥ ቀጥ ይላል። በልኳ የተሠራ መሰላት።

«እስከ ሐይቁ ድረስ ሂጂና ሞክሪው» አሏት።

«ይዤው ብጠፋስ እማማ?» አለች እየሳቀች።

አሮጊቷ አልሳቁም።

ዛፍ ባጠላው መንገድ ብስክሌቱ ያለ ድካም ይዟት ከነፈ። ደስ ቢላትም ጀርባዋን የሆነ ነገር ከበዳት። ዞር ስትል አሮጊቷ ሁለት እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ ከበሩ ንቅንቅ ሳይሉ ያዩዋታል።

ስትመለስም እዚያው ነበሩ። ገና ሳትወርድ ጉንጮቿን ይዘው አገላብጠው ሳሟት። ፊታቸው በእንባ ርሷል።

«ተመችቶኛል እማማ፤ እወስደዋለሁ።»

«አይሸጥም ልጄ» አሉ፣ መሪውን ቀስ አድርገው ከእጇ እየተቀበሉ። «የእኔዋ ልጅ በዚህ በር ይዛው ወጥታ፣ የተመለሰልኝ እሱ ብቻ ነው። ሰው ወጥቶበት ሲመለስ ልይ ብዬ ነው እሸጣለሁ የምለው።»

ብስክሌቱን እየገፉ ወደ ውስጥ ሊገቡ ሲሉ ቆም አሉ።

«ነገስ ትመጫለሽ?»