በሶ የተሞሉ እንክብሎች

የእናቷ ጉልበት በሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ከተተካ ሁለተኛ ወሩን ይዟል። ሐኪሙ ልጅቱን ለብቻዋ ጠርቶ፣ «ለሕመሙ ማስታገሻ ያዘዝኩትን ትራማዶል ቀስ በቀስ ቀንሺላቸው፤ ሱስ እንዳይሆንባቸው» ብሏት ነበር። እናት ግን ጠዋት ማታ እጃቸውን መዘርጋት አልተዉም።

«አምጪ እንጂ መድኃኒቴን! በሰው ጉልበት መጨከን ቀላል ነው።»

እምቢ ለማለት አንጀቷ አልችል አለ። ስለዚህ በየሦስት ቀኑ ጥቂት ጥቂት እንክብል እየከፈተች፣ ዱቄቱን አራግፋ በሶ ትሞላበት ጀመር፤ በመጨረሻ ሁሉም በሶ ሆኑ። እናቷ «ተባረኪ» እያሉ በተቀበሏት ቁጥር ቀና ብላ ልታያቸው አልቻለችም።

እናት ያለ ምርኩዝ ግቢውን መዞር በጀመሩበት ቀን እንኳ ደስታው አልዋጥልሽ አላት። እግራቸው ሥር ተንበርክካ ያደረገችውን ሁሉ ተናገረች።

«ይቅር በይኝ፣ እማዬ። ሕመምሽን እያየሁ ሁለት ሳምንት ሙሉ አታለልኩሽ።»

እናት አልተቆጡም። ፊታቸው ግን አመድ መሰለ።

«እኔማ ከሆስፒታል በወጣሁ በሳምንቱ ትቼዋለሁ» አሉ ቀስ ብለው። «ለጎረቤታችን ለየሺመቤት ነበር የምወስድላት። ካንሰሩ አጥንቷ ገብቶ እንቅልፍ ቢነሳት ጊዜ፣ መጀመሪያ ሰሞን ያስተኛት ነበር።»

«አሁንስ?»

«አሁንማ ስትጮኽ ነው የምትውለው። ዛሬ ጠዋት ባሏን፣ ‹በሽታው ከመድኃኒት አልፏል፤ የንስሐ አባቷን ጥራላት› አልኩት።»