አራተኛው ዘፈን

የናሆም የመጀመሪያ አልበም ከወጣ ወዲህ፣ ክራርና ኤሌክትሪክ ጊታር የተቀላቀለበት ሙዚቃው የማይሰማበት ታክሲ ደሴ ውስጥ የለም። የሰማው ሁሉ «ስለ እኔ ነው የዘፈነው» ይላል። ወይዘሮ አልጋነሽ ግን አራተኛውን ዘፈን ብቻ ደጋግመው ይሰሙ ነበር። ዘፈኑ ወጥታ ስለቀረች ልጅ ነው። የእሳቸው ልጅ ሰናይትም ከቤት ወጥታ ከቀረች ዓመታት አልፈዋል፤ ፖሊሱም ጎረቤቱም ፈልጎ ደክሟል። ዘፈኑን መስማት መተው ግን አልቻሉም።

ዘፋኙ አልበሙን ሊፈርም ወደ ከተማው ሙዚቃ ቤት የመጣ ቀን ነጠላቸውን አጣፍተው ተሰለፉ።

«በማን ስም ልፈርምልዎት፣ እናቴ?» አላቸው ፈገግ ብሎ።

«በሰናይት።»

እስክሪብቶው ለአፍታ ቆም አለ፤ ከዚያ ጻፈ።

«ታውቃት ነበር እንዴ?»

«ኧረ አላውቃትም። ዘፈኑ ፈጠራ ነው። ሰው ሁሉ የየራሱን ሰው ነው የሚያገኝበት።»

«እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ግን ‹ግማሹ ያልተሠራ ሹሩባዋ› ትላለህ። የዚያን ቀን ሹሩባ ስሠራት ተጣላንና ሳልጨርስላት ተነሳች። ፀጉሯን በሻሽ ጥፍር አድርጋ አስራ ነው የወጣችው። ጥላችን አሳፍሮኝ ለፖሊስ እንኳ አልተናገርኩም።»

ከኋላቸው የተሰለፉት ወጣቶች ዘፈኑን አብረው ያዜማሉ። ናሆም ቀና ብሎ ወይዘሮዋን አላያቸውም።

ወይዘሮ አልጋነሽ እጃቸውን እጁ ላይ ጫን አደረጉ።

«ልጄ፣ ሻሿን የፈታው ማነው?»