ከሩቅ የምታነሳ ካሜራ

ቀጭ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ቀጭ፣ ቀጭ።

ከጠራራው ፀሐይ ለገባ ሰው ሱቁ ውስጥ ምንም አይታይም፤ ድምፁ ብቻ ነው የሚሰማው። ቆይቶ አያ ጎይቶም ታየ፤ አንዲት ካሜራ ጆሮው ላይ ለጥፎ ያዳምጣታል። ያገለገለ ካሜራ ሲሸጥ ልማዱ ነው። የቆርቆሮ መዝጊያውን እስከ ወገብ ዝቅ ያደርጋል፣ አምፖሉን ያጠፋል፤ ከዚያ በፊት ዋጋ ብትጠይቀው አይመልስልህም።

"በፀሐይማ ስልክም ያነሳል" አለው ታዲዮስን። "ተክሊል ግን በማለዳ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። ፍላሽ ብታበራ ቄሱ በመስቀላቸው አናትህን ነው የሚሉህ። እዚሁ ጨለማው ውስጥ ምረጥ፣ ወደይ፣ ልጄ።"

ከወንበሩ በኩል ሳሊና ሳቀች። ሙሽራዋ እሷ ናት። "ሠርጉ የኔ፣ ፊቱም የኔ፤ ካሜራውን አንተ ብቻህን ትመርጣለህ?" ብላ ነው ሠርጓን የሚያነሳውን ታዲዮስን ከሰፈራቸው ከዓዲ ሓቂ በባጃጅ ተከትላ የመጣችው። ለሠርጉ የቀረው ዘጠኝ ቀን ነው። ሙሽራው ሐሙስ በአውሮፕላን ይገባል።

ታዲዮስ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ከጨረሰ ወዲህ፣ የዩኒቨርሲቲ ተመራቂዎችን በስልኩ እያነሳ ያጠራቀማት ብር ኪሱ ውስጥ አለች። አንዲት ካሜራ ትገዛለች፤ ሁለተኛ የለም። የትኛዋን እንደሚገዛ ደግሞ ትናንት አልጋው ላይ ተኝቶ ወስኗል፤ ባለ ረጅም ሌንሷን። እሷ ካለች በሩ ጥግ ቆሞ ያነሳል። ሳሊና አክሊል ሲደፋላት አጠገቧ መገኘት የለበትም። አጥር ለአጥር ሆነው ካደጉበት ጊዜ ጀምሮ በልቡ የያዘውን ለማንም አልተነፈሰም፤ ለእሷም ጭምር። የዚያን ቀን ፊቴ ያሳብቅብኛል ብሎ ነው የሚፈራው።

አያ ጎይቶም አንድ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ አምጥቶ ከሳሊና ጎን ገተረ። "ይኸው ሙሽራሽ።"

"ውይ፣ ቀጠነብኝ እኮ!"

"ያንቺን ወጥ ሲበላ ይወፍራል። ነጠላሽን ተከናነቢ፣ ቀጥ በይ። አንተ ደግሞ ጀምር።"

ታዲዮስ ረጅሟን ይዞ እስከ መዝጊያው አፈገፈገ። የሌንሷን ቀለበት ሲያዞረው የሳሊና ፊት በአየር ላይ ተንሳፍፎ መጣለት፤ ሕልም ላይ እንደሚመጣው፣ ማንም ሳያውቅ፣ እሷም ሳታውቅ። ሦስቴ አነሳት።

አያ ጎይቶም ስክሪኑን አይቶ አፉን በእጁ ያዘ። "እንዴ! ይቺ ሙሽራ ናት ወይስ ጉም? ረጅሟ ለሜዳ ናት፣ ለጭፈራው፣ ለመኪናው አጀብ። ጨለማ ላይ አቅም የላትም።"

"እጄ ተንቀጥቅጦ ይሆናል።"

"እጅህ ለምን ይንቀጠቀጣል?" አለች ሳሊና።

ረጅሟን ለአያ ጎይቶም መለሰለት።

ሁለተኛዋ ካሜራ ትንሽ ናት፤ ሌንሷ እንደ ፍንጃል አጭር። "ይቺን ነበር ከመጀመሪያውም የምሰጥህ" አለ አያ ጎይቶም። "በጧፍ ብርሃን ታያለች። ግን ሰውን አታቀርብልህም። መቅረብ ያለብህ በገዛ እግርህ ነው።"

አንድ እርምጃ ሄደ።

"ቅረብ።"

ሌላ እርምጃ።

"ቅረብ እንጂ፣ የመምህር ልጅ! እንዲህ ሆነህ ነው ሠርግ የምታነሳው?"

"ታዲ፣ አልናከስም እኮ" አለች ሳሊና ከነጠላዋ ሥር እየሳቀች።

ጉልበቷ ሊነካው ሲል ቆመ፤ ዐይኑንም ካሜራዋ ላይ አስጠጋ። ዐይኑን ካሜራ ላይ ያደረገን ሰው ምን ታያለህ የሚለው የለም፤ ይህን ያወቀው ገና አሁን ነው። ሌላ ጊዜ ሲያያት በልቡ ሦስት ድረስ ይቆጥርና ፊቱን ወደ መንገዱ ያዞራል። አሁን ግን አልቆጠረም። ከቅንድቧ ጫፍ ያለችውን ጠባሳ አየ፤ ስድስተኛ ክፍል ሆነው ከእነ ታዲዮስ አጥር ላይ ወድቃ ያገኘቻትን። የታችኛው ከንፈሯ መድረቁን አየ። የሌንሷን ቀለበት በቀስታ አዞረ፤ ዐይኖቿ ጠሩ።

ሳሊና ገና እየሳቀች ነበር። ከዚያ ሳቋ ቀስ እያለ ከፊቷ ወረደ። ዐይኗን ግን ከሌንሷ ላይ አላነሳችም።

ቁልፉን ተጫነው።

አያ ጎይቶም ካሜራዋን ተቀብሎ አየና በምላሱ ጠቅ አደረገ። "ኣየ! ሙሽራውን እንዲህ አድርገሽ ካየሽውማ፣ ሓፍተይ፣ እህቴ፣ ሠርጉ ያለ ዘፈንም ይደምቃል። እይው!"

ሳሊና ካሜራዋን በሁለት እጇ ያዘች። የስክሪኑ ብርሃን አገጯን ነካው። ብዙ ቆየች፤ ሥዕል እንደሚያይ ሳይሆን ደብዳቤ እንደሚያነብ ሰው።

"ተበላሸ እንዴ?" አለ ታዲዮስ። "ልድገመው?"

ራሷን ወዘወዘች።

"በል፣ የትኛዋን ልጠቅልልህ?" አለ አያ ጎይቶም።

"ይቺን።" ታዲዮስ በገዛ ድምፁ ደነገጠ።

ሳሊና ከወንበሩ ተነሣች። ካሜራዋን ለባለ ሱቁ አልመለሰችም፤ ታዲዮስ እጅ ላይ አስቀመጠቻት። ነጠላዋን ከራሷ ላይ ገፋ አድርጋ ጎንበስ አለችና በመዝጊያው ሥር ወጣች።

"ሓፍተይ! ወዴት ነው? አልጨረስንም እኮ!"

ደጅ "ዓይደር፣ ዓይደር" የሚል የሚኒባስ ረዳት ይጮኻል። በመዝጊያው ሥር የቀሚሷ ጠርዝና የጫማዋ ጫፎች ይታያሉ፤ ወደ ውስጥ ዞረው፣ ሰው እንደሚጠብቁ ቆመዋል። ታዲዮስ ካሜራዋን እንደያዘ ባለበት ቀረ።

ጫማዎቹ ዞረው ሄዱ።