የታሂር ማርሚታ

የቀበሌው ሊቀ መንበር ጋቢና ገብቶ ቁልፉን ሊያዞር ሲል ታሂር ከመኪናዋ ስር ወጥቶ እጁን በሱሪው ጠረገ። ዕድሜውን ሙሉ አርብ ገበያ ላይ ኩራዝ ሲሠራ የኖረ ሰው ነበር፤ ማርሚታ የሚባለውን የጭስ ማውጫ የተማረው ገና በዚያ ሳምንት ነው። "ጭሱ ጋቢና እየገባ ፈጀን፤ ጣሳ የሚቀድ እጅ ይህ አያቅተውም፣ ጋሼ ታሂር" ብሎ ሊቀ መንበሩ አሮጌውን ማርሚታ ግቢው ውስጥ ጥሎለት ነበር። ቀዶ አየው። ድምፅ የሚውጠው ሆዱ ውስጥ ያለው፣ እንደ ወንፊት የተበሳሳ ቱቦ መሆኑን ደረሰበት። ከበርሜል ቆርቆሮ አዲሱን ሲቀጠቅጥ ታዲያ ቱቦውን አልከተተም። መኪናዋ ለብሔራዊ ውትድርና ወጣት የምታፍስ ነበረች፤ ጩኸቷን የሰማ ወጣት ሁሉ ሊደበቅ ከመንደሩ በታች ወዳለው ገደል ይሮጣል። ልጁ ጁነይዲ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፤ ታሂር "መኪናዋ ስትጮህ እንዳትቆም" ብሎታል።

ሞተሩ ተነሣ። የጎረቤት ውሾች ሳይቀሩ ተደበቁ። ታሂር ለጥፊ ጉንጩን አዘጋጀ። ሊቀ መንበሩ ግን ሞተሩን ሳያጠፋ ወርዶ ወደ ጆሮው ተጠጋ።

"ጭስ የለም። እጅዎ ይባረክ!"

"ጩኸቱ... አልበዛም?"

"እኔስ የፈራሁት መኪናዋ ዝም እንዳትል ነበር። ወታደሮቹ ከጧት ጀምሮ ገደሉ ስር ተቀምጠዋል፤ ዝም ብትል ማን ይሮጥላቸው ነበር?"

ጁነይዲ ጫማውን በእጁ ይዞ የጓሮውን አጥር ሲዘል ታሂር አየው። "ተመለስ!" ብሎ ጮኸ፤ ደገመ፤ እጁንም አወናጨፈ። ልጁ ዞር ብሎ የአባቱን እጅ አየና፣ ፍጠን የተባለ መስሎት ሩጫው ባሰበት።