ባዶው ፖስታ

ነፃነት ከመጣ ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ በኒጀር ወንዝ ዳር ያለችው የቶንዲ መንደር ለአገሪቱ ፕሬዚዳንት ምርጫ ድምፅ ሰጠች። ተወዳዳሪው መሪው ብቻ ነበር። ከዋናው ከተማ የተላከው የድምፅ መስጫ ወረቀት በመራጩ ልክ ሁለት መቶ አሥራ አራት ነው፤ አንድም ትርፍ የለውም። በእያንዳንዱ ላይ የመሪው ፎቶግራፍ ታትሟል። መራጩ አንድ ወረቀትና አንድ ፖስታ ተቀብሎ መጋረጃ ውስጥ ይገባል፤ ወረቀቱን ፖስታው ውስጥ ከትቶ ይወጣና ሣጥኑ ውስጥ ይጨምራል።

ከሰዓት በኋላ ሲቆጠር አንዱ ፖስታ ባዶ ሆኖ ተገኘ።

የፓርቲው ሊቀ መንበር ጂቦ ሕዝቡን ሰብስቦ፣ ከመካከላችን አንዱ አባታችንን፣ መሪያችንን፣ ክዷል አለ። ስለ ፖስታው አልተናገረም። ሁሉም ዞሮ መምህር ሴይኒን አየው። ባለፈው ሳምንት ገበያ ላይ፣ ብቻውን የሚሮጥ ሰው መቼም አንደኛ ነው ብሎ ሰው አስቆ ነበር። ቀድመው የተፉበት የፓርቲው ሴቶች መሪ እማማ ቢባታ ናቸው። መሪውን ለማየት ሁለት ቀን በእግራቸው የሄዱ ሴት ናቸው።

ሴይኒን አሰሩት። ወረቀቱን የት ጣልከው እያሉ ቤቱን በረበሩ፤ ምንም አላገኙም። ሚስቱ ሰላማቱም አላመነችውም። እውነቱን እንዲነግራት ስትለምነው፣ «ከተትኩት እኮ፤ በገዛ እጄ ከተትኩት» አላት።

ጠዋት መኪና መጥቶ ይወስደዋል። በዚያ መኪና ሄዶ የተመለሰ የለም። ጂቦ ግን እማማ ቢባታ ዋስ ከሆኑለት እለቀዋለሁ ብሎ ለሰላማቱ ነገራት።

ሰላማቱ ስትደርስ አሮጊቷ ደጃቸው ላይ ማሽላ እየወቀጡ ነበር። ቀና አላሉም።

«ለባልሽ ልታማልጂ ነው?»

«እማማ፣ የልጆች አባት ነው። አንድ ቃል ከአፍዎ ቢወጣ ይተዉታል።»

«አባቱን የካደ የማን አባት ይሆናል? እኔ ብሆን መኪናም አልጠብቅ፤ በዚሁ ዘነዘና ነበር።»

ሰላማቱ እግራቸው ላይ ወደቀች። ገፍተዋት ወደ ቤት ገቡ፤ ተከትላቸው ገባች። ከአልጋው በላይ፣ በማሽላ ሙጫ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የድምፅ መስጫ ወረቀት ስታይ ልመናዋን ትታ ወደ እሱ ተጠጋች።

እማማ ቢባታ ዓይኗ ያረፈበትን አዩና ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። «እስቲ እይው» አሏት፤ «ይኼን የመሰለ ፊት እንዴት ተደርጎ ሣጥን ውስጥ ይጣላል?»