የሣህሌ ቤት ገበና

ጂንካ ውስጥ ለየሺመቤት ያላዘነ ሰው አልነበረም። ባሏ ሣህሌ ጠጪ ነው። እሷ ግን የቀበሌው ሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር፣ ስትናገር አዳራሽ የምትሞላ፣ ስትስቅ ጎረቤት የምታስቅ፣ ጤና አዳም ከአፏ የማይለይ ሴት ናት። እንዲህ ያለችውን ሴት እግዜር ምን ብሎ ከእንዲህ ያለ ባል ጋር አጣመራት ያላለ የለም።

ሣህሌ ቀደም ሲል በወይጦ መንገድ ግሬደር ይነዳ ነበር። ጠዋት ጠዋት እየቀረ አስቸገረ። ሦስቴ ተመከረ፣ በአራተኛው ተባረረ። ለምን ትቀራለህ ሲሉት መሬት መሬት ያያል እንጂ አይመልስም። አሁን ወፍጮ ቤት ነው። ከሥራ ሲወጣ የአየለች አረቄ ቤት ጎራ ይልና ጠርሙሱን ኮቱ ሥር ሸጉጦ፣ አጥር አጥሩን ታክኮ ወደ ቤቱ።

የሺመቤት ከስብሰባ በቀረች ቁጥር ሴቶቹ "ያ ሰካራም ነው ያስቀራት" ይላሉ። እሷ ዝም ትላለች። ዝምታዋን ጨዋነት አሉት።

ያን ጊዜ፣ በ1978 መሆኑ ነው፣ ቀበሌው ሁሉ የኪነት ቡድን ነበረው። የዚህኛው ኪነት አለቃ ጤና ረዳቱ አንጁሎ ነው። ጠዋት መርፌ ይወጋል፣ ከሰዓት አኮርዲዮን ይጫወታል፤ በሁለቱም ሰው ያስጮኻል ይሉታል።

የዚያ ዓመት ሐሳቡ ግን ቀልድ አልነበረም። በዘፈን የሚሄድ ቴአትር አሳይቶ፣ ሰዉ በእብድና በሰካራም መሳቁን እንዲተው ማድረግ ፈለገ። "ወባ በያዘው ማን ይስቃል? ሱስም በሽታ ነው" ይላል። ዘፈኑን በአማርኛም በአሪኛም አወጣው፦

እግሩ ቢሰበር ወጌሻ ይጠራለታል፣
ልቡ ቢታመም ለምን ይሳቅበታል?

ከተማው በሳምንት ለመደው። የሺመቤትም ምስር እየለቀመች ታንጎራጉረው ነበር፤ ሐሙስ ዕለት ጎረቤቷ ሙሉነሽ እስክትመጣ ድረስ።

"እትዬ የሺ፣ የኪነቶቹን ልምምድ በበር ሽንቁር ሰማሁት። ሰካራሙ ጠርሙሱን የት ይደብቃል መሰለሽ? በርበሬ ማሰሮ ውስጥ። እኔስ ሳቄ አመለጠኝ።"

ምስሩ ከሰፌዱ ፈሰሰ።

በርበሬ ማሰሮው ውስጥ ጠርሙስ ያለበት ቤት ጂንካ ውስጥ አንድ ነው፤ የእሷ። ይህን የሚያውቁ ሦስት ሰዎች ናቸው። እሷ፣ ሣህሌ፣ እና አምና ለፋሲካ በርበሬ ልትበደር መጥታ እጇን ማሰሮው ውስጥ የሰደደችው አየለች። ቴአትሩ የሚታየው ከነገ ወዲያ፣ ቅዳሜ ነው። ገበያተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ አውሮፕላን ማረፊያው ሣር ላይ፣ የቤቷ ገበና ሊሰጣ ነው። ከዚያ ወዲያ በየትኛው ዓይኗ ሊቀመንበር ትሆናለች?

አንጁሎን ጤና ጣቢያው በር ላይ ያዘችው።

"ጓድ አንጁሎ፣ የሰው ገበና ገበያ ይወጣል ወይ?"

"ስም አንጠራም፣ እትዬ።"

"ማን ነገረህ?"

"የነገረኝ ሰው እስከ ቅዳሜ ስሜን አታንሣ ብሎኛል። ለክፋት ግን አይደለም።"

"ተወው በቃ።"

"እኔ ብተወው የነገረኝ ሰው አይተወውም" አለና መርፌውን ሊቀቅል ገባ።

ከዚያ በቀጥታ አየለች ቤት ሄደች።

"ስምንት ዓመት ጓደኛዬ ነበርሽ" አለቻት። "ሸጥሽኝ።"

"እኔ የምሸጠው አረቄ ነው። እሱንም ቢሆን ባልሽ እዚህ ተቀምጦ አንድ መለኪያ አንሥቶ አያውቅም። ይዞ ውልቅ ነው። ምን አይቼ ምን አወራለሁ?"

"ማሰሮዬን አይተሻል።"

"አየሁ፣ ዝም አልኩ። ዓመት ሙሉ ዝም ያለች ሴት ዛሬ ምን ነክቷት ትናገራለች?"

የሺመቤት አላመነቻትም። ለቀበሌው አመለከተች፤ ሊቀመንበር ናትና ቃሏ ይሰማል። ዓርብ ጠዋት የቀበሌ ጥበቃዎች መጥተው የአየለችን የአረቄ ማሰሮዎች አንድ በአንድ ደጇ ላይ ሰበሩ። አየለች ስባሪውን እየለቀመች ቀና አለች።

"ይሁን፣ የሺ። እንግዲህ ለቤትሽ ከየት እንደሚመጣ አያለሁ።"

በዚያ ቀን ሣህሌ ባዶ እጁን ገባ።

ቅዳሜ የሺመቤት ነጠላዋን እንኳ ማጣፋት አቃታት። እጇ አላርፍ አለ፣ ላብ አጠመቃት። ንዴት ነው አለች። ሣህሌ በመሀረቡ ግንባሯን አበሰላትና ወጣ።

ሜዳው ሞልቷል። ከካኮ ማር ይዘው የመጡት ቅላቸውን እግራቸው ሥር አስቀምጠዋል፣ የበና ሽማግሌዎች በርኩማቸው ላይ ተቀምጠዋል፣ ነጋዴው ሱቁን ዘግቶ መጥቷል። የሺመቤት የፊት አግዳሚ ላይ፣ በሴቶቹ መካከል ተቀመጠች። አየለች በሩቁ ቆማለች። የሺመቤት ዞራ አላየቻትም።

አኮርዲዮኑ ተነሣ፣ መጋረጃው ተገለጠ። ኮቱ ሥር ጠርሙስ የሸጎጠ ሰው ግድግዳውን ታክኮ ገባ። ሜዳው በሳቅ ተናጋ። ከዚያ ሳቁ ተቆረጠ። ሣህሌን መስሎ የወጣ ተዋናይ አልነበረም፤ ራሱ ሣህሌ ነው።

የሺመቤት ክው አለች። የሸጣት አየለች አይደለችም ማለት ነው። አሥራ ሁለት ዓመት በአንድ ትራስ የተኛችው ሰው ነው።

"አይዞሽ" አለች ሙሉነሽ፣ ትከሻዋን አቅፋ። "ስንቱ ጠጪ ነው በራሱ አንደበት የሚናዘዝ? ወንድ ነው።"

ሣህሌ ዘፈነ። ድምፁ እንደ ወፍጮ ድንጋይ ሻካራ ነው፤ ሆኖም ሰዉ ጸጥ አለለት፣ አንዳንዱም አብሮት አዜመ። ሴቶቹ ተራ በተራ ለየሺመቤት መሀረብ አቀበሏት።

ሣህሌ ጠርሙሱን ከፈተ፣ መለኪያውን ሞላ፣ ሳይቀምሰው መድረኩ ላይ ወደተዘረጋው አልጋ ሄደና፣ ሚስቱን ሆና ብርድ ልብስ ውስጥ እየተንቀጠቀጠች የምትጠብቀውን ተዋናይ ቀና አድርጎ አጠጣት።